ዲሰልፋይድ ያለው ፖሊመር እውነት ካንሰሩን ለይቶ ያውቃል? ቲሲሴን ከመጀመሬ በፊት ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ

ቤተሙከራ_4ኪሎ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። አራት ኪሎ ኬሚስትሪ ማስተርስ ላይ ነኝ፣ ፖሊመር ነው የያዝኩት። ለቲሲስ ያሰብኩት እንዲህ ነው፣ አንዱ ወገኑ ውሃ የሚወድ ፔግ ሌላው ወገኑ ውሃ የሚጠላ ፖሊካፕሮላክቶን የሆነ ፖሊመር እሰራለሁ፣ ሁለቱን የሚያያይዛቸው ዲሰልፋይድ ቦንድ ይሆናል፣ ማለትም ሁለት ሰልፈር እርስ በርስ የተያያዙበት። ውሃ ውስጥ ሲገባ ራሱን ሰብስቦ ማይሴል የሚባል ትንሽ ኳስ ይሆናል፣ ውስጡ ዶክሶሩቢሲን የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ይይዛል። ደም ውስጥ እያለ ሳይነካ ይሄዳል፣ ሴል ውስጥ ሲገባ ግን ግሉታታዮን፣ ሴሉ ራሱ የሚሰራው ሰልፈር ያለው ትንሽ ሞለኪውል፣ ያገኘዋል፣ ዲሰልፋይዱ ይቆረጣል፣ መድኃኒቱ ይለቀቃል።

ያነበብኳቸው ፔፐሮች በሙሉ መግቢያቸው ላይ የሚሉት ነገር አንድ ነው፣ ሴል ውስጥ ግሉታታዮን ከ2 እስከ 10 ሚሊሞላር ነው፣ ከሴል ውጪ ግን ከ2 እስከ 20 ማይክሮሞላር ብቻ፣ ልዩነቱ እስከ ሺህ እጥፍ ይደርሳል። እዚህ ድረስ እሺ። የሚያስቸግረኝ ከዛ ቀጥለው "ስለዚህ ካንሰሩን ለይቶ ያጠቃል" ሲሉ ነው። ጤነኛውስ ሴል ውስጡ ግሉታታዮን የለውም እንዴ? ጉበትስ? አድቫይዘሬን ስጠይቀው ጥሩ ጥያቄ ነው ሂጂና አንብቢ አለኝ፣ ብዙ አነበብኩ ግን በግልጽ የመለሰልኝ አላገኘሁም።

እና እውነት የሚለየው ምንድነው? ሰው ላይ ደርሶ የሰራ ነገር አለ ወይ? እዚህ ባለን እቃስ አሳማኝ ስራ መስራት ይቻላል? ዲግሪ ለመያዝ ብቻ ብዬ ልሰራው አልፈልግም፣ ለዛ ነው ሳልጀምር የምጠይቀው።

ታይፔ_ላብ፦

እህቴ ሰላም። ይሄን ጥያቄ ሳይጠይቁ ፒኤችዲ የጨረሱ ሰዎች አሉ። እኔ ታይዋን ነኝ፣ እዚህ ታይፔ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ባለፉት አመታት ብዙ የኛ ልጆች በዚሁ ርዕስ ሰርተዋል፣ ዲሰልፋይድም ዳይሰሌናይድም፣ ማለትም በሰልፈሩ ቦታ ሰሌኒየም ያለበት፣ ስለዚህ ከአገር ቤት ልጆች ጋር መማከር ትችያለሽ፣ ብቸኛ አይደለሽም።

አሁን ወደ ነገሩ። ግሉታታዮን ካንሰሩን አይለይም። የሚለየው ውጪና ውስጥን ነው። ያ የሺህ እጥፍ ልዩነት በደምና በሴል ውስጥ መካከል ያለ ልዩነት እንጂ በጤነኛ ሴልና በካንሰር ሴል መካከል ያለ አይደለም። በካንሰርና በጤነኛ መካከል ያለው በጣም ያነሰ ነው፣ አይጥ ላይ በተለኩ አንዳንድ እጢዎች አራት እጥፍ አካባቢ የሚል አለ፣ ከእጢ እጢም ይለያያል። ራስሽ ያነሳሽው ጉበት ደግሞ ዋናው ነው፣ የጉበት ሴል ከሰውነት ሁሉ ግሉታታዮን ከሚበዛባቸው አንዱ ነው፣ ከ5 እስከ 10 ሚሊሞላር። እና ናኖፓርቲክል ደም ስር ስትከቺ አብዛኛው የት ይሄዳል? ጉበትና ጣፊያ። ስለዚህ ቦንዱ እዛም ይፈታል።

ይሄ ማለት ሐሳቡ ዋጋ የለውም ማለት አደለም። ሁለት ስራ ተደባልቆ ስለሚጻፍ ነው የሚያደናግረው። አንዱ ስራ እጢው ጋ መድረስ ነው፣ ይሄ የመጠኑ፣ የፔጉ፣ ላዩ ላይ የምትለጥፊው ሴሉን የሚይዝ ፎሌት ወይ አንቲቦዲ ስራ ነው። ሌላው ደግሞ ከደረሰ በኋላ መድኃኒቱን ቶሎ መልቀቅ ነው። ሪዶክስ፣ ማለትም በግሉታታዮን የሚቆረጠው ቦንድ፣ የሚሰራው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ተራ ፔግና ፖሊካፕሮላክቶን ማይሴል ሴል ውስጥ ገብቶም ቀስ እያለ ነው የሚለቀው፣ ፖሊካፕሮላክቶን ለመፍረስ ወራት የሚፈጅ ነገር ነው፣ መድኃኒቱ ጥቂት በጥቂት ሲወጣ ደግሞ ሴሉ በፓምፑ መልሶ ያስወጣዋል። ዲሰልፋይድ ካለው ግን ፔጉ ይላቀቃል፣ ልክ ድፎ ዳቦ ከኮባው እንደሚገለጥ ላዩ ሲገፈፍ ውስጡ ውሃ የሚጠላው ክፍል ብቻውን ይቀራል፣ መቆም አይችልም፣ ተጣብቆ ይረጋል፣ መድኃኒቱም በሰዓታት ውስጥ ይወጣል። ይሄንን በ2009 ቻይና ሱዡ ያሉት ሰዎች ባንቺው ፖሊመር ነው ያሳዩት፣ ያው ዶክሶሩቢሲን፣ ያው ፔግና ፖሊካፕሮላክቶን። ስለዚህ ፖሊመሩን መስራት ብቻውን አዲስ አይሆንልሽም፣ አዲስ ሊሆን የሚችለው የምትጠይቂው ጥያቄ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መድኃኒት የለመዱ የካንሰር ሴሎች ብዙ ጊዜ ግሉታታዮናቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ሲስፕላቲን ላይ በደንብ የታወቀ ነው፣ ግሉታታዮኑ ራሱ ፕላቲነሙን ይዞ ያመክነዋል። ስለዚህ ሴሉ ለመከላከያ ያበዛው ነገር ቦንዱን የሚፈታልሽ ይሆናል ማለት ነው። ይሄ ሐሳብ እኔን እስካሁን ይማርከኛል።

ፋርማሲስት_ሰላም፦

እኔ ኦንኮሎጂ ፋርማሲ ነው የምሰራው አዲስ አበባ፣ ኬሚስትሪውን እንደናንተ አላውቅም ግን ከበሽተኛው ወገን ልናገር። ዶክሶሩቢሲንን ሁላችሁም ፔፐር ላይ ታውቁታላችሁ፣ እኛ ደግሞ በየቀኑ እናዘጋጀዋለን፣ ቀይዋ ይሏታል ታካሚዎች፣ ስሟን ሳያውቁ በቀለሟ ይፈሯታል። እዚህ አገር ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር የጡት ነው፣ ቀጥሎ የማህፀን በር፣ ለጡት ካንሰር ደግሞ ዶክሶሩቢሲን ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር ከዛ ፓክሊታክሰል ብዙ ጊዜ የሚሄድበት መንገድ ነው። የዶክሶሩቢሲን ችግር ፀጉርና ማስታወክ ብቻ አይደለም፣ ልብ ነው። በህይወት ዘመን የሚሰጠው ድምር መጠን ይቆጠራል፣ ከ450 እስከ 550 ሚሊግራም በስኩዌር ሜትር ካለፈ የልብ ድካም አደጋው በጣም ይጨምራል፣ ስለዚህ የሚሰራ መድኃኒት በእጃችን እያለ የምናቆምበት ጊዜ አለ። ለኔ ይሄ ነው የናኖ ነገር ትርጉሙ።

እና ደግሞ ተሸካሚ ማለት ጉዳቱን ያጠፋል ማለት አይደለም፣ ቦታውን ይቀይረዋል። በ1995 አሜሪካ የተፈቀደውን ዶክሲልን እዩት፣ ያው ዶክሶሩቢሲን ነው ግን ፔግ በለበሰ ሊፖዞም ውስጥ። ልብ ላይ ያለው ጉዳት ቀነሰ፣ በምትኩ ግን ደም ውስጥ ብዙ ስለሚቆይ የእጅ መዳፍና የእግር ጫማ መቅላት መላጥ ማቃጠል መጣ። ያ ቀላል ነገር አይደለም፣ በእጇ ሰርታ የምታድር ሴት ብትሆን አስቡት። ስለዚህ ቤተሙከራ እህቴ፣ "የጎንዮሽ ጉዳት ይቀንሳል" ብለሽ ስትጽፊ የቱ ጉዳት፣ በምን ተተክቶ የሚለውን ጻፊልን። ፔፐሮቹ ላይ ይሄ ሁሌ ይጎድላል።

ጋሽ_ሲልቨርስፕሪንግ፦

ልጆች ጥሩ ውይይት ነው፣ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ብዙ አመት አንቲቦዲ ላይ መድኃኒት የሚያያዝባቸው ስራዎች ላይ ሰርቻለሁ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሰው ላይ የሰራ አለ ወይ ላልሽው፣ አዎ አለ፣ ግን ፖሊመር ላይ አይደለም። ዲሰልፋይድ ሰው ላይ የተፈተነበት ታሪክ ያለው አንቲቦዲዎቹ ጋ ነው፣ የፖሊመር ሰዎች ደግሞ ያንን ታሪክ በበቂ አያነቡትም ብዬ አምናለሁ።

ማይሎታርግ የሚባለው አንቲቦዲ መድኃኒት በ2000 ሲፈቀድ ሊንከሩ፣ አንቲቦዲውንና መድኃኒቱን የሚያያይዘው ማለት ነው፣ አሲድ የሚቆርጠው ሃይድራዞን ነበረው፣ መድኃኒቱ ካሊኪያማይሲን ጋ ደግሞ ዲሰልፋይድ። በ2010 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ፣ በ2017 በአነስተኛ ዶዝ ተመለሰ። ካድሲላ የሚባለው የጡት ካንሰር አንቲቦዲ መድኃኒት ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ሲያጠኑት ትራስቱዙማብ የሚባለው አንቲቦዲ ላይ ዲኤም1 የሚባለውን መድኃኒት በተለያዩ የዲሰልፋይድ ሊንከሮችም አያይዘው ሞከሩት፣ በማይቆረጥ ቲዮኢተርም ሞከሩት፣ ውጤቱ በ2008 ወጣ፣ የማይቆረጠው በለጠ፣ በ2013 የተፈቀደውም እሱ ነው። አስቡት፣ የሚቆረጥ ይሻላል ብሎ ለጀመረ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አንቲቦዲው ራሱ ሊሶዞም በሚባለው፣ ሴሉ የገባውን ነገር በሚፈጭበት ከረጢት ውስጥ ስለሚፈጭ መድኃኒቱ ለመውጣት ዲሰልፋይድ አላስፈለገውም።

ግን እዛ አላበቃም። ሚርቬቱክሲማብ ሶራቭታንሲን፣ ኢላሂር የሚባለው፣ ሊንከሩ ዲሰልፋይድ ነው። ፎሌት ሪሴፕተር አልፋ ለሚበዛበት፣ ፕላቲነም መስራት ላቆመለት የኦቫሪ ካንሰር፣ ህዳር 2022 ላይ በተፋጠነ መንገድ ተፈቀደ፣ መጋቢት 2024 ሙሉ ፈቃድ አገኘ፣ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር። ትልቁ ጥናት ላይ እጢው የቀነሰላቸው ሴቶች 42 በመቶ ነበሩ፣ ሐኪም በመረጠው ኬሞ 16 በመቶ፣ በህይወት የመቆየት ሚዲያኑም ከ12.75 ወር ወደ 16.46 ወር ሄደ። ፕላቲነም ለከዳቸው ሴቶች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱ ደግሞ አይን ላይ መጣ፣ ሰላም እንዳለችው ቦታውን ቀየረ።

ለምን ካድሲላ ላይ ያልሆነው እዚህ ሆነ ብትዪ አንዱ ነገር ሰልፈሩ ጎን ያለው ነው። ኢላሂር የሚሸከመው ዲኤም4 ላይ ከሰልፈሩ አጠገብ ያለው ካርበን ሁለት ሜቲል ተሸክሟል፣ ዲኤም1 ላይ ያ የለም። እነዛ ሜቲሎች መንገድ ዘግተው ደም ውስጥ ያለው ቲዮል፣ ማለትም ሰልፈርና ሃይድሮጅን የያዘው ቡድን፣ በቀላሉ እንዳይነካው ያደርጋሉ፣ ሴል ውስጥ ብዙ ሲያገኝ ግን ይቆረጣል። ዋናው ነገር ዲሰልፋይድ አለው የለውም አይደለም፣ በምን ፍጥነት ይቆረጣል ነው። ፖሊመር ላይ ግን ሰው ሁሉ ያንኑ ምንም ያልተከለለ ዲሰልፋይድ ነው ደጋግሞ የሚሰራው።

ደግሞ ደም ውስጥ ግሉታታዮን ትንሽ ነው ብለሽ አትረፊ ልጄ። አልቡሚን አለ። ደም ውስጥ ከግማሽ ሚሊሞላር በላይ ነው አልቡሚን፣ እና 34ኛው ቦታ ላይ ያለው ሲስቴይን ነጻ ቲዮል ይይዛል፣ አብዛኛው የደም ቲዮል እሱ ነው። ዲሰልፋይድሽን ሊነካው ይችላል። ባዶ በፈር ውስጥ ይረጋል ማለት ደም ውስጥ ይረጋል ማለት አይደለም።

ቤተሙከራ_4ኪሎ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄ አልቡሚን የሚባለው ነገር ካነበብኳቸው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው ያነሱት እሱም በአንድ መስመር። የሜቲሉ ነገር ደግሞ ልክ ሳነበው የምሰራው ነገር የታየኝ መሰለኝ። ሌላ ጥያቄ ልጨምርና፣ ማይሴሉ ወደ ሴል ሲገባ በቀጥታ ሳይቶፕላዝም አይደለም የሚገባው፣ መጀመሪያ ኢንዶዞም የሚባል ከረጢት ከዛ ሊሶዞም ነው። እዛ ውስጥ ግሉታታዮን አለ ወይ? ያ ሚሊሞላር የሚባለው የሳይቶፕላዝም አይደል?

ታይፔ_ላብ፦

ይሄ ገና ያልተቋጨ ክርክር ነው። በ2005 አንድ ቡድን ትራስቱዙማብ ላይ በዲሰልፋይድ የተያያዘ ነገር ኢንዶዞምና ሊሶዞም ውስጥ ብዙም አይቆረጥም፣ ውስጡ እንደውም ኦክሲዳይዝ የሚያደርግ ነው ብሎ አወጣ። በዓመቱ በ2006 ሌላ ቡድን በዛው ጆርናል ላይ ፎሌት ላይ በዲሰልፋይድ ያያያዘውን ቀለም በፍሎረሰንስ እየተከታተለ አይ ኢንዶዞም ውስጥ ይቆረጣል ብሎ አሳየ። ሁለቱም ጥሩ ስራ ናቸው። የሴሉ አይነት፣ ሪሴፕተሩ፣ የሚሄድበት መንገድ ይለያያል። ሊሶዞም ውስጥ ዲሰልፋይድ የሚቆርጥ ጊልት የሚባል ኤንዛይም አለ፣ ግን የሁሉም ሴል መጠን እኩል አይደለም፣ በይበልጥ ያለው የመከላከያ ሴሎች ጋ ነው። ግሉታታዮን ራሱ ደግሞ አሲድ ውስጥ ሰነፍ ነው፣ የሚሰራው ቲዮሌት ሲሆን፣ ማለትም ቲዮሉ ፕሮቶኑን ሲያጣ ነው፣ ፒኤች 5 ላይ ያ መጠን በጣም ይወርዳል። ስለዚህ ፔፐር ላይ ፒኤች 7.4 ላይ 10 ሚሊሞላር ጨምረው ለቀቀ ሲሉ ሳይቶፕላዝም ደርሷል ብለው እያሰቡ ነው፣ መድረሱን ግን አላሳዩም።

ዶዞ_ኒውካስል፦

ስለመድረስ ከተነሳ ያ የ2016ቱ ቁጥር ይነሳ እንጂ። ካናዳ ቶሮንቶ ያሉት የአስር አመት ስራ ሰብስበው አይጥ ላይ ከተሰጠው ናኖፓርቲክል እጢው ጋ የደረሰው ሚዲያኑ 0.7 በመቶ ነው አሉ። 0.7! ከ1986 ጀምሮ የእጢ ደም ስር ያፈሳል ስለዚህ ናኖው ራሱ ይጠራቀማል ሲባል ነው የኖረው። ያው ቡድን በ2020 ደግሞ እስከ 97 በመቶው የሚገባው በቀዳዳ ሳይሆን የደም ስሩ ሴሎች ራሳቸው አሳልፈውት ነው ብሎ አወጣ። ታዲያ 99 በመቶው ሌላ ቦታ ለሚሄድ ነገር ሴል ውስጥ የሚፈታ ቦንድ ብናሳምር ምን ይጠቅማል? ቪንታፎላይድን አስታውሱ፣ ፎሌት ከቪንካ መድኃኒት ጋር በዲሰልፋይድ የተያያዘ፣ ሪሴፕተሩን በደንብ የሚይዝ፣ ሦስተኛው ፌዝ በ2014 ቆመ፣ ጥቅም አላሳየም ተብሎ። እኔ ገንዘቡም ጉልበቱም መድረስ ላይ ይሁን ባይ ነኝ።

ፋርማሲስት_ሰላም፦

ዶዞ ቁጥሩ ልክ ነው ግን ከምን ጋር ስናነጻጽር? ባዶውን ዶክሶሩቢሲንም ስንሰጥ እጢው ጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ደም ለቆ ሰውነት ውስጥ ሁሉ ይበተናል። ዶክሲል የተፈቀደው መቶ በመቶ ስለደረሰ አይደለም። እጢው ያገኘው ከሌላው አካል አንጻር ስንት ነው፣ ከነጻው መድኃኒት ጋር ሲተያይ ስንት ነው፣ ልቡስ ስንት አገኘ፣ ይሄ ነው መጠየቅ ያለበት።

ጋሽ_ሲልቨርስፕሪንግ፦

እውነቷን ነው። በነገራችን ላይ አንቲቦዲም ሰው ላይ ሲለካ እጢው ጋ የሚደርሰው ከመቶ ትንሿ ክፍልፋይ ናት፣ እንዲያም ሆኖ ይሰራል፣ ምክንያቱም የተሸከመው መድኃኒት በናኖሞላር የሚገድል ነው። ዶክሶሩቢሲን እንደዛ አይደለም። ዶዞ ያነሳው ቪንታፎላይድ ላይ አንድ ነገር አለ፣ እሱ ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ በኩላሊት ቶሎ ይወጣል፣ ኢላሂር ደግሞ ያንኑ የፎሌት ሪሴፕተር በአንቲቦዲ ይዞ ቀናት ደም ውስጥ ይቆያል። ሁለቱም ዲሰልፋይድ፣ ሁለቱም ፎሌት ሪሴፕተር፣ ሁለቱም ኦቫሪ፣ አንዱ ቆመ አንዱ ሴቶችን እየረዳ ነው። ስለዚህ በቪንታፎላይድ ቦንዱን አትፍረዱበት። መድረስና መልቀቅ አብረው ናቸው፣ አንዱ ሳይኖር ሌላው ዋጋ የለውም።

ልጅነት_ባህርዳር፦

ይቅርታ በመሀል ገባሁ። እናቴ የጡት ካንሰር ይዟት ቀይዋን ኬሞ ጀምራለች። ሳነበው ልብ ይጎዳል የሚለው አስፈራኝ። ይሄ የምታወሩት መድኃኒት የት ይገኛል? ከውጪ ማስመጣት ከተቻለ ያለንን ሸጠንም ቢሆን። እባካችሁ።

ፋርማሲስት_ሰላም፦

ወንድሜ እናትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። አትደንግጥ፣ በግልጽ ልንገርህ። ሪዶክስ ፖሊመር የሚሉት ማይሴል ለታካሚ የተፈቀደ አንድም የለም፣ የትም አገር፣ ስለዚህ አለኝ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅህ ካለ እንዳትሰጠው። ምንም አትሽጡ። ኢላሂር የተባለው ደግሞ ለኦቫሪ እንጂ ለእናትህ በሽታ አይደለም። እናትህ የጀመረችው መድኃኒት ብዙ ሴቶችን ያዳነ ነው፣ ልብ ላይ የተናገርኩት ድምሩ ሲበዛ ነው፣ በተለመደው ዙር የሚሰጠው ከዛ ወሰን በታች ሆኖ ነው የሚታቀደው። አንተ ማድረግ የምትችለው ሐኪሟን ኢኮ ተሰርቶላት እንደሆነ ጠይቅ፣ የልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው፣ ከዚህ በፊት የልብ ወይ የደም ግፊት ችግር ካለባት በግልጽ ተናገሩ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የእግር ማበጥ፣ ተኝታ መተንፈስ አለመቻል ካየህ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ይዘሃት ሂድ። ትኩሳት ከያዛትም እንደዛው፣ በዛው ሰዓት፣ ጠዋት ይሁን ብለህ አታሳድር። ዙሩን እንዳታቋርጥ በርታላት።

ልጅነት_ባህርዳር፦

እግዜር ያክብርሽ እህቴ። ኢኮ ተሰርቶላታል ጥሩ ነው ተብለናል። ድምሩን ግን እጠይቃለሁ።

ታይፔ_ላብ፦

ወንድም እናታችንን ይማርልን።

ቤተሙከራ፣ እቃውን በተመለከተ። የምትሰሪው ኮንትሮል ላይ ነው ስራሽ የሚቆመው ወይ የሚወድቀው። ዲሰልፋይዱን በሲስታሚን ካስገባሽ ኮንትሮሉ ሄክሳሜቲሊን ዳያሚን ይሁን፣ ሁለቱ ናይትሮጅኖች መሀል ሲስታሚን ላይ ስድስት አተም አለ፣ አራት ካርበን ሁለት ሰልፈር፣ እዛ ላይ ደግሞ ስድስት ካርበን። ርዝመቱ ያው ነው፣ የማይቆረጥ ብቻ ነው ልዩነቱ። ብዙ ፔፐር ኮንትሮል ብሎ የሚያሳየው ያንኑ ማይሴል ግሉታታዮን ሳይጨምር ነው፣ ያ አይበቃም፣ ግሉታታዮን ራሱ የበፈሩን ፒኤች ስለሚያወርድ እና ዶክሶሩቢሲን አሲድ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ ሳይቆረጥም ይለቀቃል። ግሉታታዮኑን ካሟሟሽ በኋላ ፒኤቹን መልሰሽ አስተካክዪ፣ ይሄን ሳያደርጉ የወጡ ግራፎች አሉ ብዬ በጣም እጠረጥራለሁ።

ናይትሮጅን አለሽ? ግሉታታዮን አየር ላይ ሲቆይ ኦክሲዳይዝ ይሆናል፣ 48 ሰዓት በዲያሊሲስ ባግ ስትለኪ ጠዋት የጨመርሽው ማታ ያ መጠን አይደለም። ናይትሮጅን ከሌለሽ በየተወሰነ ሰዓት አዲስ በፈር ቀይሪ። ዲያሊሲስ ባጉም ራሱ ያዘገያል፣ ነጻ ዶክሶሩቢሲን ብቻ ከተሽ ያንን ከርቭ አብረሽ አሳዪ።

ላብረቶሪ_ጅማ፦

ነጻ ቲዮል የሚለካው ኤልማን ሪኤጀንት ማግኘት ከባድ አይደለም፣ እስፔክትሮፎቶሜትር ደግሞ ሁሉም ጋ አለ፣ 412 ናኖሜትር ላይ ታነቢያለሽ፣ ኮፊሸንቱ 14150 ነው። ግን ዶክሶሩቢሲን የያዘውን ማይሴል አትለኪው፣ ቀለሙ እዛው አካባቢ ይመጥጣል፣ መድኃኒት የሌለውን ተጠቀሚ። ግሉታታዮኑም ራሱ ቲዮል ስለሆነ በዲያሊሲስ አጥበሽ ካላወጣሽው የምታነቢው የሱን ነው። ሴል ላይ ከሄድሽ ደግሞ የሴል ህያውነት መለኪያው ኤምቲቲ ላይ ተጠንቀቂ፣ ግሉታታዮንና ዲቲቲ የሚባለው ሌላ ቲዮል ሴል በሌለበትም ኤምቲቲን ወደ ሐምራዊ ይቀይሩታል፣ የሞተ ሴል ህያው ይመስልሻል። ሚዲየሙን አውጥተሽ አጥበሽ ነው ኤምቲቲ የሚጨመረው።

ታይፔ_ላብ፦

ጅማ በጣም ልክ ነህ። ሴሉ ላይ እውነት ግሉታታዮን ነው የፈታው ለማለት ደግሞ ቢኤስኦ አለ፣ ቡቲዮኒን ሰልፎክሲሚን፣ ሴሉ ግሉታታዮን እንዳይሰራ ያደርጋል፣ በሌላ ወገን የግሉታታዮን ኢስተር ጨምረሽ ከፍ ታደርጊዋለሽ። በቢኤስኦ ቀንሶ በኢስተር ጨምሮ ካሳየሽ እና የስድስት ካርበኑ ኮንትሮል ዝም ካለ፣ ማንም ሪቪውወር አይከራከርሽም። ቢኤስኦ ብቻውን ሴሉን ለዶክሶሩቢሲን ያጋልጠዋል፣ ስለዚህ ነጻው መድኃኒት ላይም አብረሽ አድርጊው።

ዳይሰሌናይድ ልሞክር ካልሽ ደግሞ ቦንዱ ከሰልፈሩ ይልቅ ደካማ ነው፣ 172 ኪሎጁል በሞል አካባቢ፣ ሰልፈሩ 240 አካባቢ፣ ስለዚህ በግሉታታዮንም በኦክሲጅን ራዲካልም ይቆረጣል፣ በ2010 ቤጂንግ ጺንግኋ ያሉት ናቸው በፖሊመር የጀመሩት። ፈጣን ነው፣ ግን ጋሼ ካሉት ጋር አያይዘሽ አስቢው፣ ችግሩ ደም ውስጥ መቆየት ከሆነ የበለጠ ደካማ ቦንድ መፍትሄ ነው ወይ? እኔ አይመስለኝም። እዚህ ያሉ ልጆች በዚህ ላይ አይስማሙኝም፣ ግን አቋሜ ይሄ ነው።

ቤተሙከራ_4ኪሎ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንግዲህ እንዲህ ላደርግ ነው፣ ሦስት ፖሊመር እሰራለሁ፣ ባዶ ዲሰልፋይድ ያለው፣ ሰልፈሩ ጎን ሜቲል ያለው፣ እና የስድስት ካርበኑ ኮንትሮል። ግሉታታዮን ብቻ ሳይሆን 40 ግራም በሊትር አልቡሚን ውስጥም ስንት ሰዓት ይቆያል የሚለውን እለካለሁ፣ ፒኤች 5 ላይም 7.4 ላይም። ርዕሱም "ካንሰርን ለይቶ የሚያጠቃ" የሚለውን አውጥቼ ደም ውስጥ የመቆየትና ሴል ውስጥ የመፈታት ሚዛን የሚል አደርገዋለሁ። አይጥ ላይ አልሄድም፣ አቅሙ የለንም፣ ግን ይሄንን በትክክል ከለካሁት ቀጥሎ የሚሰራው ሰው የትኛውን ይዞ አይጥ ላይ እንደሚሄድ ያውቃል።

ዶዞ ያንተንም ይዣለሁ፣ መግቢያው ላይ 0.7 በመቶውን እጽፈዋለሁ፣ ሰላም ባለችው ንጽጽር ጋር።

ዶዞ_ኒውካስል፦

እንደዚህ ከሆነ እኔም ደስ ይለኛል። አልቡሚኑን ስትሰሪ ነጻ ቲዮሉን መጀመሪያ ለኪው፣ የሚሸጠው አልቡሚን ብዙ ጊዜ ግማሹ ቲዮል ተይዞ ነው የሚመጣው፣ እንደ ደሙ አይደለም። ሳትለኪ ከተጠቀምሽ ከእውነቱ የበለጠ የተረጋጋ ይመስልሻል።

ጋሽ_ሲልቨርስፕሪንግ፦

ልጄ ጎበዝ። ሜቲል ያለውን አሚን ዝግጁ ሆኖ ላታገኚው ትችያለሽ፣ ቲዮሉን በፒሪዲል ዳይሰልፋይድ አድርጎ መጀመር ይቀላል፣ ሲለቀቅ የሚወጣው ፒሪዲን ቲዮን 343 ናኖሜትር ላይ ስለሚታይ ሪአክሽኑ ስንት እንደሄደ እዛው ታነቢያለሽ። ስኪሙን ስትሰሪ እዚሁ ለጥፊው አየዋለሁ።

ታይፔ_ላብ፦

ሲስታሚኑን ደግሞ አንዱን ጫፍ ቦክ በሚባል መከላከያ ቡድን ሳትዘጊ ፔጉ ላይ አትጨምሪው፣ ሁለቱም ጫፍ ይሄድና ፔግ ከፔግ ተያይዞ ይቀርሻል። ጨው ሆኖ የሚመጣው እርጥበት ይስባል፣ ዴሲኬተር ውስጥ ይቀመጥ፣ ከመመዘንሽ በፊት ቫኪዩም ላይ አድርቂው።